አኳሪየሙን ሳትበሱ ሰምፕ መግጠም፦ መብራት ለሚሄድበትና ለሚመጣበት ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ ሰምፕ (ከአኳሪየሙ ስር የሚቀመጥ የማጣሪያ ገንዳ) ሞክረው የተዉ ሰዎች የሚነግሩኝ ነገር ተመሳሳይ ነው። ሲገጥሙት ይሠራል። ሁለት ሦስት ቀን ውሃው እንደ መስታወት ይጠራል። ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ጠዋት ምንጣፉ ርሶ ይገኛል። የእኔም የመጀመሪያው እንዲሁ ነበር። ከዚራ ተከራይቼ በምኖርበት ቤት፣ ወደ ሁለት ጀሪካን የሚጠጋ ውሃ መጅሊሱ ስር ገብቶ አደረ። ቧንቧው አላፈሰሰም፣ መስታወቱም አልተሰነጠቀም። ሒሳቡን ነበር ያልሠራሁት።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከሒሳብ ይጀምራል። እባካችሁ እሱን ዘላችሁ ወደ ቧንቧው አትሂዱ።

አሠራሩ በአጭሩ

ሰምፕ ማለት ከአኳሪየሙ ስር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ነው። ውሃ ከላይ ወደ እሱ ይወርዳል፣ በስፖንጅና በማጣሪያ ያልፋል፣ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። መስታወቱን የምትበሱ ቢሆን ውሃው በቀዳዳው ይወርድ ነበር። ሳትበሱ ግን የገንዳውን ከንፈር ተሻግሮ እንዲወርድ ማድረግ አለባችሁ። ይህን የሚሠራው ሳይፎን ነው። ከመኪና በጎማ ነዳጅ ሲሳብ አይታችሁ ከሆነ አውቃችሁታል። ቱቦው በፈሳሽ እስከሞላ ድረስ ይፈሳል፤ አየር ከገባበት ይቆማል።

መስታወቱን ለምን አንበሳውም? ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ገና ድሪሉ ሲነካው ተፈረካክሶ ትንንሽ ቁርጥራጭ ይሆናል። የብዙ ገንዳዎች ወለል ደግሞ ቴምፐርድ ነው። የእናንተ ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ አትንኩት።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ሒሳቦች ሥሩ

ሁለት ጥያቄ ነው የምትመልሱት።

አንደኛ፦ መብራት ሲሄድ ስንት ሊትር ወደ ታች ይወርዳል? ሰምፑስ ይችለዋል?

ሁለተኛ፦ ሳይፎኑ ተቋርጦ ፓምፑ ግን መሥራቱን ቢቀጥል ስንት ሊትር ወደ ላይ ይወጣል? አኳሪየሙስ ይችለዋል?

በምሳሌ ልሥራው። አኳሪየሙ ከውስጥ 80 በ40 ሴ.ሜ፣ ቁመቱ 45 ሴ.ሜ ይሁን። 80 ሲባዛ በ40 3,200 ነው። ስለዚህ የውሃው ከፍታ በ1 ሴ.ሜ ሲቀንስ ወይም ሲጨምር 3.2 ሊትር ነው። ይህችን ቁጥር ማርከር ይዛችሁ የሆነ ቦታ ጻፏት፤ ደጋግማችሁ ትፈልጓታላችሁ።

ሰምፑ ደግሞ 60 በ30፣ ቁመቱ 35 ሴ.ሜ ይሁን። እዚህ 1 ሴ.ሜ ማለት 1.8 ሊትር ነው። የሰምፑ መጨረሻ ላይ ያለው የፓምፕ ክፍል 18 በ30 ሴ.ሜ ቢሆን፣ በእሱ ውስጥ 1 ሴ.ሜ ማለት ግማሽ ሊትር ያህል ነው፤ በትክክል 0.54።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ፓምፑ ሲቆም የላይኛው ውሃ በ3 ሴ.ሜ ይወርዳል እንበል። 3 ሲባዛ በ3.2፣ 9.6 ሊትር። ቱቦ ውስጥ ያለውን 1 ሊትር ጨምሩ፤ 10.6 ሊትር። ሰምፑ በሥራ ላይ እያለ የማጣሪያው ክፍል 24 ሴ.ሜ፣ የፓምፑ ክፍል 20 ሴ.ሜ ውሃ ቢይዝ፣ ይህ ሁሉ ሲጨመርበት 29 ሴ.ሜ አካባቢ ይደርሳል። ቁመቱ 35 ስለሆነ 6 ሴ.ሜ ይተርፋል። ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሳይፎኑ ቆመ፣ ፓምፑ ግን ይገፋል። የፓምፑ ክፍል ከ20 ሴ.ሜ ወርዶ ፓምፑ አየር መሳብ እስኪጀምር፣ ማለትም እስከ 6 ሴ.ሜ ድረስ፣ 14 ሴ.ሜ ውሃ ያወጣል። 14 ሲባዛ በ0.54 7.6 ሊትር ያህል ነው። አኳሪየሙ ከከንፈሩ በታች 4 ሴ.ሜ ባዶ ከተተወለት 12.8 ሊትር ይችላል። ይህም ጥሩ ነው።

የእኔ ጥፋት እዚህ ጋ ነበር። የፓምፑን ክፍል ሰፊ አደረግሁት፣ ውሃ ቶሎ እንዳይጎድል ብዬ። ሳይፎኑ ሲቋረጥ ፓምፑ ያን ሁሉ ውሃ ወደ ላይ ገፋው፣ አኳሪየሙም ሞልቶ ፈሰሰ። የፓምፑ ክፍል ትንሽ መሆን አለበት። ውሃ በየቀኑ መጨመር ያሰለቻል፤ ግን ቤታችሁን የሚያድነው እሱ ነው።

የእናንተን ልክ በዚህ መንገድ ሥሩ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ እሺ ካላለ ዕቃ አትግዙ። ወይ ሰምፑን አሳድጉ፣ ወይ የፓምፑን ክፍል አጥብቡ፣ ወይ የላይኛውን ውሃ ዝቅ አድርጉ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ሰብስቡ

የቧንቧ ዕቃ መደብር ገብታችሁ ይህን ጠይቁ፦

- ከውጭ 32 ሚሊ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ፣ 2 ሜትር። የውስጡ ስፋት ከ25 እስከ 28 ሚሊ መሆኑን በሜትር ለኩ።
- ለእሱ የሚሆን 5 ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) እና 1 ቲ (ሦስት አፍ ያለው መገጣጠሚያ)።
- የፒቪሲ ኮላ፣ ሰጌቶ፣ የብርጭቆ ወረቀት።
- ጥርት ያለ ሲሊኮን።
- የፓምፑን አፍ የሚገጥም ጎማ 2 ሜትር፣ ከ2 ፋሸታ (የጎማ ማሰሪያ) ጋር።
- የአየር ቱቦ፣ ማለትም የዓሣ አየር መስጫ ቀጭን ጎማ፣ 2 ሜትር።
- ከመድኃኒት ቤት አንድ ትልቅ ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ።

ወፍራም ቱቦ ይሻላል ብላችሁ 50 ሚሊ አትግዙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በሰፊ ቱቦ ውሃው በዝግታ ነው የሚሄደው። ዝግተኛ ውሃ ደግሞ የአየር አረፋን ጠርጎ አይወስድም። አረፋው ከላይ ይጠራቀምና ሳይፎኑን ይቆርጠዋል። ለመቶ ሃምሳ ሊትር ገንዳ 32 ይበቃል።

ስለ ሲሊኮኑ፦ ለመታጠቢያ ቤት የተሠራ፣ ሻጋታ ይከላከላል የሚል ካለበት አትውሰዱ። ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ዓሣውንም ይገድላል። ሲከፈት እንደ አቼቶ የሚሸተውን፣ መቶ በመቶ ሲሊኮን የሚለውን ምረጡ።

ፓምፑን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን የሊትር ቁጥር አትመኑ። ያ ቁጥር ውሃውን ምንም ከፍ ሳያደርግ የሚገፋው ነው። ከሰምፑ ውሃ እስከ አኳሪየሙ ከንፈር ያለውን ከፍታ ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ከ10 አካባቢ ነው። ከዚያ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ከፍታ እዩ። 2 ሜትር የሚል ፓምፕ እዚህ ከፍታ ላይ ከተጻፈበት ሊትር ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሰጣችሁ። የምትፈልጉት በሰዓት የገንዳችሁን ከ3 እስከ 4 እጥፍ ነው። ለ144 ሊትር ገንዳ 500 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ ሰምፑን ሥሩ

አሮጌ አኳሪየም ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። ከሌላችሁ መስታወት ቤት 6 ሚሊ አስቆርጡ። የፕላስቲክ ሳጥን ውሃ ሲሞላ ጎኑ ያብጣል፣ በውስጡ የምታቆሙት መከፈያም ይላቀቃል፤ አልመክርም።

ሦስት መከፈያ መስታወት ያስፈልጋል። ስፋታቸው ከሰምፑ ውስጥ በ4 ሚሊ ይነስ፤ ሲሊኮን የሚገባበት ነው።

1. የመጀመሪያው ከወለሉ ጋር የተጣበቀ፣ ቁመቱ 24 ሴ.ሜ።
2. ሁለተኛው ከወለሉ 3 ሴ.ሜ ከፍ ያለ። ውሃ በስሩ ነው የሚያልፈው። የላይኛው ጫፉ 30 ሴ.ሜ ላይ ይድረስ።
3. ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው፣ ከወለሉ የተጣበቀ፣ 24 ሴ.ሜ።

በመካከላቸው 3 ሴ.ሜ ክፍተት ተዉ። ውሃው በአንደኛው ላይ፣ በሁለተኛው ስር፣ በሦስተኛው ላይ ሲያልፍ አረፋው እዚያው ይቀራል። ከሦስተኛው በኋላ ያለው 18 ሴ.ሜ የፓምፑ ክፍል ነው።

ሦስተኛው መስታወት ስሩ በደንብ መታተም አለበት። የማጣሪያው ክፍል ውሃ ወደ ፓምፑ ካንጠባጠበ የደረጃ 1 ሒሳብ ሁሉ ይፈርሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ዓይነት ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው። የእኛ አየር ደረቅ ነው። «ድሬ ሙቀት ስለሆነ በአንድ ቀን ይደርቃል» የሚለው ስህተት ነው። ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ጠብቁ። የአቼቶው ሽታ እስኪጠፋ ውሃ አታስገቡ። ከዚያ ግቢ አውጥታችሁ ሙሉት፣ አንድ ሌሊት ይደር። ስሩ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ጠብታ ካለ ጋዜጣው ይናገራል።

በመጀመሪያው ክፍል ስፖንጅና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ወይም የሴራሚክ ቀለበት ሙሉ። ከወንዝ ዳር ለቅማችሁ ድንጋይ የምታስገቡ ከሆነ መጀመሪያ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከተንፈቀፈቀ የኖራ ድንጋይ ነው፤ መልሱት። ውሃችን ድሮም ኖራ የበዛበት ነው።

ደረጃ 4፦ መውረጃውን ገጣጥሙ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ግማሽ ቀን ስጡት፤ ሰው በማይጠራችሁ ቀን ሥሩት።

ቅርጹን በሐሳባችሁ ያዙት። ቱቦው ከአኳሪየሙ ውስጥ ይነሳል፣ ከንፈሩን ይሻገራል፣ ከውጭ ወደ ታች ይወርዳል፣ ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፣ ቲ ላይ ይደርሳል። ከቲው ጎን ወጥቶ ወደ ሰምፑ ይወርዳል። የቲው አናት ክፍት ነው። ውሃው ወርዶ እንደገና መውጣቱ ትርፍ አይደለም። ፓምፑ ሲቆም የውጭውን ጫፍ በውሃ ውስጥ የሚያቆየው ያ እጥፋት ነው። እሱ ከሌለ መብራት በሄደ ቁጥር አየር ይገባል።

1. የውስጡን እግር ቁረጡ። የታችኛው ጫፉ ከገንዳው ከንፈር 10 ሴ.ሜ ዝቅ ይበል። ከዚያ በላይ አታስረዝሙት፤ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ። ጫፉ ላይ በሰጌቶ ዙሪያውን 1.5 ሴ.ሜ ከፍታ ያላቸው ስንጥቆች አውጡ። ስንጥቁ ከዚያ በላይ ከወጣ ውሃው ሲወርድ አየር ይስባል።

2. በሁለት ጎሚቶ ከንፈሩን አሻግሩት። ድልድዩ ለመስታወቱ ውፍረት የሚበቃ ብቻ ይሁን። ከንፈሩ ላይ ጥብቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ከፍ ብሎ አይንሳፈፍ። ከፍ ባለ መጠን አየር የሚጠራቀምበት ቦታ ይሰፋል።

3. የውጭውን እግር ከከንፈሩ 30 ሴ.ሜ ድረስ አውርዱት። በሁለት ጎሚቶ እጠፉትና ወደ ላይ መልሱት።

4. ወደ ላይ በሚወጣው እግር ጫፍ ላይ ቲውን አድርጉ። የቲው የጎን አፍ የታችኛው ጠርዝ ከአኳሪየሙ ከንፈር 7 ሴ.ሜ ዝቅ ይበል። የመላው ሥርዓት ልክ ይህ ጠርዝ ነው። ፓምፑ ሲቆም አኳሪየሙ እዚህ ልክ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ሲሠራ ከዚህ እስከ 3 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ይረጋጋል። ውሃ ልክ በሚባለው መለኪያ አረጋግጡት።

5. ከቲው አናት ላይ ከገንዳው ከንፈር ከፍ የሚል አጭር ቱቦ አቁሙ። ይህ መተንፈሻ ነው። መውረጃው ቢደፈን እንኳ ውሃው እዚህ ውስጥ ይወጣል እንጂ አይፈስም።

6. ከቲው ጎን በአምስተኛው ጎሚቶ ወደ ታች አውርዱት፣ እስከ ሰምፑ። ጫፉ ከሰምፑ ውሃ በታች 2 ሴ.ሜ ብቻ ይግባ።

መተንፈሻውን በፍጹም አትድፈኑ። ድምፅ ያሰማል ብሎ በጨርቅ የሚደፍን አለ። መተንፈሻው ሲዘጋ ሳይፎኑ ቲው ጋ መቆሙ ይቀርና ቀጥታ እስከ ሰምፑ ይስባል። መብራት ሲሄድ ውሃው 7 ሴ.ሜ ላይ አይቆምም፤ የውስጡ እግር ጫፍ እስኪገለጥ ይወርዳል። እግሩን 10 ሴ.ሜ ላይ ቁረጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መጥፎው ቢመጣ እንኳ የሚወርደው 3 ሴ.ሜ ትርፍ ነው፣ 9.6 ሊትር፤ ሰምፑ ላይ የቀረው ቦታ ይችለዋል።

ማጣበቅ፦ ሁሉንም መጀመሪያ በደረቁ ገጥሙና ልኩን እዩ። ማርከር ይዛችሁ መገጣጠሚያው ላይ መስመር አስምሩ። ከዚያ አፎቹን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ጥረጉ፣ ኮላ ቀቡ፣ አስገብታችሁ ሩብ ዙር አዙሩ፣ ግማሽ ደቂቃ ያዙት። ከውስጡ እግር እስከ እጥፋቱ ድረስ ያለው በሙሉ ይጣበቅ። ቲውን ግን አታጣብቁ። ፈተናው ላይ ከፍ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። በመጨረሻ በሲሊኮን ብታትሙት ይበቃዋል።

አንድ የማይታይ ነገር አለ። ከውሃው ልክ በላይ ያለው የቱቦ ክፍል ቀዳዳ ቢኖረው ውሃ አያንጠባጥብም። አየር ነው የሚስበው። ስለዚህ በዓይን አታገኙትም። ኮላው ከደረቀ በኋላ አንዱን አፍ በእጅ ድፈኑ፣ ቱቦውን ሳፋ ውሃ ውስጥ ንከሩ፣ በሌላው አፍ ንፉ። አረፋ የወጣበትን ምልክት አድርጉና ድገሙት።

ደረጃ 5፦ የአየር መሳቢያውን አስገቡ

ከውሃው ውስጥ ትንንሽ አረፋ ሁልጊዜ ይወጣል፤ የድልድዩ አናት ላይም ይሰበሰባል። ማስወጫ ካልተሰጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሳይፎኑን ያቆመዋል። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው።

የድልድዩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ለአየር ቱቦው የሚጠብቅ ቀዳዳ በድሪል አውጡ። ቱቦውን 1 ሴ.ሜ አስገቡ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን አትሙ። ሌላኛውን ጫፍ የት ታገናኙታላችሁ? አኳሪየሙ ውስጥ ድሮ ይሠራ የነበረው የውስጥ ማጣሪያ አለ አይደል፣ አየር የሚስብ ቀጭን ጎማ ያለው? እሱን አትጣሉት። የአየር መሳቢያ አፉ ላይ ይህን ቱቦ ሰኩ። ማጣሪያው በሠራ ቁጥር ከድልድዩ አየር እየሳበ ያስወጣል። መብራት ሲመጣም ሳይፎኑን ራሱ ያስነሳዋል።

አንድ ሁኔታ ብቻ፦ የማጣሪያው አፍ ከቲው ልክ በታች፣ ማለትም ከከንፈሩ ከ7 ሴ.ሜ በላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ፓምፑ ቆሞ ውሃው ሲወርድ አፉ ከተገለጠ በቱቦው በኩል አየር ወደ ድልድዩ ይገባል።

ደረጃ 6፦ የመመለሻው መስመር

ፓምፑን በጠባቡ ክፍል አስቀምጡ፣ ጎማውን በፋሸታ እሰሩ፣ ከንፈሩን አሻግራችሁ አኳሪየሙ ውስጥ አስገቡ። አፉ ፓምፑ ሲሠራ ካለው ውሃ በታች 2 ሴ.ሜ ብቻ ይሁን። ጠልቆ ከገባ መብራት ሲሄድ እሱ ራሱ ሳይፎን ሆኖ ገንዳውን ወደ ታች ያወርደዋል። ለመተማመኛ ጎማው ላይ፣ ከውሃው ወለል 1 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ፣ 3 ሚሊ ቀዳዳ አውጡ። ውሃው ሲወርድ አየር ይገባበትና ይቆማል።

ውሃ ወደ ኋላ አይመልስም የሚባለውን ቫልቭ ብቻውን አትመኑ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱም ውስጥ ይጋገራል፤ ያኔ አይዘጋም።

ደረጃ 7፦ ኤሌክትሪኩ

የሶኬት ማከፋፈያውን ወለል ላይ አታድርጉት። ግድግዳ ላይ፣ ከሰምፑ ከንፈር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። እያንዳንዱ ገመድ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ሳይደርስ ታች ይወድቃል። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ሁሉንም ንቀሉ። 220 ቮልት ነው። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ማስገጠም ከቻላችሁ ከሁሉም በፊት እሱን አስገጥሙ።

አየር የሚስበው የውስጥ ማጣሪያና ፓምፑ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሁኑ። አንዱ ሠርቶ ሌላው እንዳይቀር።

ደረጃ 8፦ አስነሱት

1. ክሎሪኑ እንዲወጣለት ክፍት በርሜል ውስጥ 24 ሰዓት ያደረ ውሃ አዘጋጁ። ቢያንስ 3 ጀሪካን።
2. አኳሪየሙን ከቲው ጠርዝ በላይ እስኪሆን ሙሉ። ሰምፑን የማጣሪያው ክፍል 24፣ የፓምፑ ክፍል 20 ሴ.ሜ እስኪደርስ ሙሉ።
3. በመተንፈሻው በኩል ውሃ ጨምሩ፣ እጥፋቱ እስኪሞላ።
4. የአየር ቱቦውን ከማጣሪያው ንቀሉና ሲሪንጅ ሰኩበት። ሳቡ። ሲሪንጁ ሲሞላ ቱቦውን በጣት ቆንጥጡ፣ ሲሪንጁን ባዶ አድርጉ፣ ድገሙ። ውሃ ሲመጣ ሳይፎኑ ተነሥቷል።
5. ቱቦውን እንደቆነጠጣችሁ ውሃ ውስጥ መልሳችሁ ማጣሪያው ላይ ሰኩ።
6. ማከፋፈያውን አብሩ።
7. አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሁለቱም ጋ ውሃው ሲረጋጋ በፓምፑ ክፍል መስታወት ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ከዚህ በኋላ ውሃ የምትጨምሩት እስከዚህ መስመር ነው፣ ከሱ አታሳልፉ።

ደረጃ 9፦ ሦስቱ ፈተናዎች

በቀን፣ ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ ፎጣ ይዛችሁ ሥሩ። ዓሣዎቹ ውስጥ ቢኖሩ ችግር የለውም።

የመብራት ፈተና። ማከፋፈያውን ንቀሉ። አሥር ደቂቃ። አኳሪየሙ ቲው ጋ ቆመ? ሰምፑ ላይ ስንት ሴ.ሜ ተረፈ? ከ4 በታች ከሆነ ከሰምፑ ውሃ ቀንሱ፣ መስመሩንም ዝቅ አድርጉ።

የመቋረጥ ፈተና። ሁሉም እየሠራ የአየር ቱቦውን ከማጣሪያው ንቀሉና ጫፉን አየር ላይ ያዙት። ሳይፎኑ ይቆማል፤ ፓምፑ ይገፋል። አትደንግጡ፣ እዩት። ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር አኳሪየሙ ገና ከንፈሩ ጋ መድረስ የለበትም። ከደረሰ ወዲያውኑ ንቀሉት፣ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። የፓምፑ ክፍል ሰፍቷል ማለት ነው፤ አንድ ጡብ ብታስገቡበትም ይጠባል።

የመሄድና የመምጣት ፈተና። ማከፋፈያውን አሥር ጊዜ አጥፉና አብሩ። አንዳንዴ አምስት ሴኮንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ። ሳይፎኑ አሥሩንም ጊዜ ራሱ መነሣት አለበት። ዘጠኝ ከሆነ አልፏል አትበሉ። አሥረኛው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው።

ሦስቱን ካለፈ በኋላ አንድ ሳምንት ሌሊት ሌሊት ፓምፑን እያጠፋችሁ እደሩ። በሳምንቱ ምንም ካላጋጠመ ልቀቁት።

ሲበላሽ

አኳሪየሙ ቀስ በቀስ ከፍ ካለ፦ የውስጡ እግር ስንጥቅ በቅጠል ወይም በአልጌ ተደፍኗል። ፓምፑን ንቀሉ፣ ስንጥቁን ጥረጉ። ንጹሕ ከሆነ ፓምፑ ከመውረጃው በልጧል፤ አፉን ትንሽ ዝጉት።

ድልድዩ ውስጥ አየር ከታየ፦ መጀመሪያ የውስጥ ማጣሪያው አየር እየሳበ መሆኑን እዩ። የአየር ቱቦውን ንቀሉና ጫፉን ጣታችሁ ላይ አድርጉ። ካልሳበ አፉ በነጭ ቅርፊት ተደፍኗል። ከሳበ ግን አየሩ የማያልቅ ከሆነ መገጣጠሚያ አየር ያስገባል፤ ሳፋው ጋ ተመለሱ።

የሚንቆረቆር ድምፅ፦ ወደ ሰምፑ የሚወርደው ጫፍ ከውሃው በላይ ነው ወይም በጣም ጠልቋል። 2 ሴ.ሜ ላይ አስተካክሉት።

አኳሪየሙ ውስጥ ደቃቅ አረፋ፦ የፓምፑ ክፍል ውሃ ጎድሏል። እስከ መስመሩ ሙሉ።

ፓምፑ ያጉረመርማል ግን አይገፋም፦ ንቀሉት፣ ክዳኑን ክፈቱ፣ የሚሽከረከረውን ክፍል አውጡ። ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አቼቶ በውሃ ቀላቅላችሁ አንድ ሰዓት ንከሩት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ በደንብ እጠቡት። አቼቶ ከሌለ ሎሚም ይሠራል። ይህን በየወሩ ብታደርጉት አይቆምባችሁም።

መብራት ሙሉ ቀን ጠፍቶ ከሆነ፦ ሲመጣ ወዲያው አታብሩ። ስፖንጁ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አየር አጥተው መሞት ጀምረዋል፣ ውሃውም ሸቷል። ስፖንጁን አውጥታችሁ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ እጠቡት፤ በቀጥታ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። የሰምፑን ውሃ ግማሽ ቀይሩ፣ ከዚያ አብሩ።

ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ ሲበረታ

ሰምፑ ላይ ትንሽ ቬንትሌተር ብታዞሩበት ውሃው እየተነነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንሳል። ግን የሚተነው ውሃ የሚጎድለው ከፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። 2 ሊትር ከተነነ ያ ክፍል 4 ሴ.ሜ ያህል ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት መስመሩን እዩ። ከቤት የምትወጡት ለሁለት ቀን ከሆነ ቬንትሌተሩን አጥፉ፣ ጎረቤት አንድ ሊትር እንዲጨምር ንገሩ፤ መስመሩንም አሳዩት፣ በዓይኑ አይቶ ይሂድ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ያደረ ውሃ አንድ ጀሪካን ሁልጊዜ ከሰምፑ አጠገብ ይቀመጥ።